የአማቴ አድራሻ

ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ ያለው የእንጨት ሥራ ቤታችን ዕቃ ቤት ሲጸዳ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር አሮጌው የሱቅ ኮምፒውተር ወጣ። ክዳኑን ፈትቼ ስከፍተው የዋንዛ ብናኝ እፍኝ ሙሉ ፈሰሰ፤ ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ እኔ የጎለመስኩት ሴትዮ፣ ተማሪ የሚፈራኝ አስተማሪ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ፊቴ በሀፍረት ጋለ።

ያኔ ከቡታጅራ ተድሬ የመጣሁ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የባለቤቴ ቤተሰብ አስፋልቱ ዳር የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ ከጓሮ ደግሞ ወርክሾፕ ነበራቸው። አባባ (የባለቤቴን አባት ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ከሱቁ የኋላ በር ላይ ቆመው «ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን!» ብለው ሲጣሩ፣ መጋዙ እየጮኸ ስለሆነ ወርክሾፕ ያለው ሰው «ባለ ሦስት» ብሎ ይሰማና ላቡን አፍስሶ ሠርቶ ያወጣዋል፤ ከዚያ ጭቅጭቁ ሳምንቱን ሙሉ ነው። እኔ ቆጮ ስጋግር እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ አንዴ ቀመስ አድርገው ዝም የሚሉኝ ምራት ስለነበርኩ፣ ከኮሌጅ ይዤው በመጣሁት የኮምፒውተር ዲፕሎማ እንኳ ልወደድ ብዬ ተነሣሁ። ያን ቤት ቤቴ ማድረግ ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ሱቁና ወርክሾፑ ውስጥ አንድ አንድ ኮምፒውተር ነበር። ባለቤቴ መሰላሉን እየያዘልኝ ሁለቱን የሚያገናኘውን ገመድ በጣሪያው ጠርዝ አሳልፌ ዘረጋሁ፤ የሱቁን ኮምፒውተር እንደ ፖስታ ቤት አደራጅቼ ለየሰዉ የመልእክት ሳጥን ከፈትኩ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መላኩ «ያለ ኢንተርኔት ደግሞ ምን ዓይነት ኢሜይል ነው?» እያለ ሲያሾፍብኝ፣ መልእክቱ ከግቢያችን ሳይወጣ ከሱቅ ወርክሾፕ እንደሚደርስ በኩራት አስረዳሁት። ለሳጥኖቹም ኮሌጅ እንዳስተማሩኝ የየባለቤቱን ስም ሰጠኋቸው። የአባባንም።

በእኛ ዘንድ ምራት የባሏን አባት በስሙ አትጠራም። እናቴ ይህን ሳልዳር ጀምራ ነግራኛለች፤ እማማ ደግሞ የአማታቸው ስም በሚጀምርበት ፊደል የሚጀምረውን ቃል ሁሉ በሌላ እየለወጡ ነበር የሚናገሩት። እኔም አንድም ቀን ጠርቻቸው አላውቅም። መጻፍም መጥራት መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ለምረቃው እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ቤተሰቡ ሁሉ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰበ። ከአገና የመጡት የአባባ እህትም ነበሩ። ባለቤቴ ወርክሾፕ ገብቶ የሚመጣውን መልእክት ይጠብቃል። እኔ ተቀምጬ ለአባባ የመጀመሪያውን መልእክት ስጽፍ፣ መላኩ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ጣቴ የነካውን ሁሉ እየጮኸ ያነባል። የአባባ ስም ፊደል በፊደል ከጣቴ ወጣ። እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። የአገናዋ አክስት ግን አልሸፋፈኑም፦ «አማቷን በስሙ! እናቷ ምን ብላ ነው ያሳደገቻት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በእኔ ቢያበቃ ምንም አልነበረም፤ ቡታጅራ ቤቷ ውስጥ ምንም ሳታውቅ የተቀመጠች እናቴ ተሰደበች። ጥፋቱን ላጥፋ ብዬ የአባባን ሳጥን ከነስሙ ሰረዝኩት።

ይህን ያላወቀው ባለቤቴ ደግሞ መልእክት ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲቀርበት፣ ራሱ ለአባቱ ሰላምታ ጽፎ ላከ። ኮምፒውተሩም ወዲያው መለሰለት። ባለቤቴ ከወርክሾፑ በር ብቅ ብሎ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ በግቢው ማዶ ጮኸ፦ «‹እንዲህ የሚባል ሰው የለም› ይላል!»

አክስቲቱ «በኢየሱስ ስም!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። በስም መጥራቱ ሳያንስ ሟርት ተጨመረበት፤ በቁም ያሉትን ሽማግሌ በልጃቸው አፍ የሉም አስባልኩ። ወዴት እንደማይ አጣሁ፤ እንባዬ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ መጋዝ እንዳለ ሁሉ ወደ ጓሮው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አለሁ እንጂ! ወዴት እሄዳለሁ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ ብለው፣ «ልጄ፣ እሱን ጻፊው። ‹አለሁ› በይኝ» አሉኝ። መጀመሪያ የሳቁት እማማ ነበሩ።

ሳጥኑ «አለሁ» ተባለ። አባባ በአንድ ጣት መጻፍ ተማሩ፤ በየጠዋቱ «ቁም ሳጥን ባለ ሁለት በር። አለሁ።» እያሉ ወደ ወርክሾፑ ይልካሉ፣ እኔም አንዳንዴ ከሥራ የተረፈ ወሬ እልክላቸዋለሁ። ያን እሑድ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። እኔ ግን መላኩ ጮክ ብሎ ባነበበ ቁጥር ለዓመታት እሸማቀቅ ነበር።

አሁን አባባ የሉም። ሁሉም ስልኩን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ልጄ የአያቷን ስም ለየትኛውም ነገር የይለፍ ቃል ታደርገዋለች፣ ማንም አይደነግጥም። እኔ ግን ይኸው ይህን ሁሉ ጽፌ ስማቸውን አልጻፍኩትም። ዛሬም እሳሳታለሁ፣ ዛሬም አፍራለሁ፤ ገመናዬን በአንድ ቃል የሚሸፍንልኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

ቅዳሜ ብናኙን ጠርጌ ኮምፒውተሩን ሰካሁት። እያቃሰተ ተነሣ። «አባባ፣ ባለ ሁለት በር ነው» ብዬ ጽፌ ወደ «አለሁ» ላክሁ። ከዚያ፣ ሳጥኑ ከጠፋ የሚመጣው ያ የድሮ መልስ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም የሚለው፣ እስኪመጣ ፊቴን በእጄ ይዤ ጠበቅሁ።

አልመጣም።