ወደ ሞጣ ያልተላከው መልእክት

ወታደሮች ቢቸና መናኸሪያ ላይ ከአውቶቡስ ያወረዱኝ በስልኬ ምክንያት ነው። ለተማሪዎቼ የማሳየው፣ መልእክት የሚቆልፍ ፕሮግራም ተጭኖበት ነበር። መምህር ከመሆኔ በፊት አስራ አንድ ዓመት በሠራዊቱ መገናኛ ክፍል እንደሠራሁ ብነግራቸው ነገሩ የሚቀል መስሎኝ ነበር፤ ባሰበት። በስውር የምትጻጻፈው ከማን ጋር ነው አሉኝ። ከባለቤቴ ጋር ብላቸው ሳቁ።

ያሰሩኝ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የቀረው የጤፍ ብናኝ ያስነጥሳል። ሞጣ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የተነሳ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ባለቤቴ እዚያ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀኗን ትጠብቃለች። ስልክ ተቋርጧል፤ በሕይወት መኖሬን አታውቅም። በጣም ናፈቀችኝ። ሲደክማት እግሯን ጭኔ ላይ ጭና «ተነስና ውሃ አምጣልኝ» ትለኛለች፤ እንዴት አድርጌ እንደምነሳ ግን አትነግረኝም። የናፈቀኝ ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የመገናኛው አስር አለቃ የሚስጥር መልእክት የሚቀበልበትን ኮምፒውተር ታቅፎ መጣ። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ካለቀ ወዲህ የሚገባው መልእክት ሁሉ አልከፈት ብሎታል። አለቃው ሳይሰማ መላ ፈልጓል።

«መምህር፣ ይችን ነገር ያውቋታል አሉኝ።»

ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ሦስት ይላል።

«ሰዓቱን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ። ልክ ነው እኮ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።»

«ለእኔና ለአንተ ነው። እሷ የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው። ዘጠኝ በላት።»

የመልእክቱ መክፈቻ ከሰዓቱ ጋር ይለዋወጣል፤ ሰዓቱ ከተዛነፈ አይገጥምም። ሥልጠና ላይ ሳለሁ እኔም በዚሁ ተሳስቼ ሦስት ቀን ወጥ ቤት ሽንኩርት ስልጥ ሰንብቻለሁ።

የይለፍ ቃሉን ሊጽፍ ሲል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በሙያችን ጓደኛ ሲጽፍ አይታይም። መልእክቶቹ ሲከፈቱለት በረዥሙ ተነፈሰ።

«ቤትዎ የት ነው?»

«ሞጣ። ባለቤቴ ልትወልድ ነው።»

«የሞጣው ኦፕሬተር አብሮ አደጌ ነው። ሁለት ቃል ብልክለት ቤትዎ ድረስ ሄዶ ይነግርልኛል። ደህና ነው ልበል?»

እሺ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በዚያ መስመር የሚያልፍ ሁሉ ከላኪው ስም ጋር ይመዘገባል። አለቃው መዝገቡን ባየ ቀን ይህ ሰው ከጎኔ ይታሰራል።

«ተወው ወንድሜ» አልኩት። «የግል ጉዳይ አይላክበትም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ። ኮምፒውተርህን ይዘህ ሂድ።»

በሩ ላይ ዞሮ በወታደር ደንብ ሰላምታ ሰጠኝ። ተነስቼ መለስኩለት። ከሄደ በኋላ አለቀስኩ።

ስፈታ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነስታ ነበር። ባለቤቴ ሞቷል ብላ ጥቁር ለብሳ ነው የታረሰችው።

«አንድ ቃል መላኪያ አጣህ?» አለችኝ።

«አጣሁ» አልኳት።

ዛሬ ገበያ ወርዳ ትንሽ ብትቆይ እንኳ እደውልላታለሁ። ያንን ጠዋት ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ያን ሰው ከእስር ያተረፍኩት በእሷ እንባ ነው፤ እሷን ግን አልጠየቅኳትም።