ድምፁ የሻከረው መርማሪ

ፖሊሶች የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው፤ ጠመኔው ገና ከእጄ አልወጣም። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «የታሰረው መምህር ጓደኛችን የት ነው ያለው?» ብዬ መጠየቄ ነበር። ሆሳዕና ጫፍ ላይ ወዳለ አሮጌ መጋዘን ወሰዱኝ። ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ ይመስለኛል፤ ወለሉ ላይ የቀረው ገለባ ከሽንት ጋር ሆኖ ይሸታል። ቀድመውኝ የገቡት እስረኞች ፈቀቅ ብለው ግድግዳው ሥር ቦታ ሰጡኝ። አንደኛው ከሞርሲቶ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሁለት ጣቶቻቸው ተሰብረው በጨርቅ ቅዳጅ ታስረዋል።

«መርማሪው ድምፁ ሻካራ ነው» አሉኝ። «ሲጮህ ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ ይመታል።»

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። በየመሃሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ድምፁ ግን አይጠራም። ጓደኛዬ መሣሪያ ሲያከፋፍል አይቻለሁ ብዬ ካሜራ ፊት እንድናገር ፈለገ።

«አላየሁም» አልኩት።

ሁለት ፖሊሶች በሆዴ አስተኝተው እግሬን አጥፈው ያዙ። መርማሪው ውስጥ እግሬን በጎማ ገረፈኝ። መጀመሪያ ጮህኩ። በኋላ ምላሴን ነክሼ ኖሮ አፌ ደም ሞላ። ሲያነሱኝ ኮሌታዬን ጨምድዶ በጥፊ አጮለኝ፤ ሸሚዜ ተቀደደና አንገቴ ታየ።

«ይሄ የጠቆረው ምንድነው?»

«የጨረር ነው። ጉሮሮዬ ላይ ካንሰር ነበረኝ። አዲስ አበባ በጨረር ታከምኩ።»

ጎማውን እንደያዘ ቆመ። «በምን ጀመረህ?»

«ድምፄ ሻከረ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር፤ ለወራት አልለቀቀኝም። ምንም አያመኝም ነበር።»

ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የመርማሪው ፊት ተለዋወጠ። ጎማውን ጥሎ ጉሮሮዬን በቡጢ መታኝ። ወድቄ ትንፋሽ ሲያጥረኝ «ልታስፈራራኝ ነው?» እያለ ጎኔን በጫማው ረገጠኝ። ውስጤ አንድ ነገር ቀጭ አለ። የጎድን አጥንቴ ነበር።

ወደ እስረኞቹ ሲመልሱኝ ሽማግሌው በደህናው እጃቸው ፊቴን ጠረጉልኝ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ዝም አትልም ነበር?» አሉ። «እግዜር ራሱ ጉሮሮውን ይዞልን ነበር እኮ።»

ሰውየውን ይቅር አላልኩትም። ግን ያንን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ በፕላስቲክ ጭንብል ፊቴ ከጠረጴዛው ጋር ታስሮ የጨረር ማሽኑ ሥር ስተኛ፣ ሐኪሞቹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ የሚመጣውን።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ብቻዬን አስጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋ። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ አቀረበልኝ።

«ዳንክ?» አለ።

«ድኛለሁ። የተገኘው ገና ጅምሩ ላይ ነበር። ሐኪሜ እንዳለኝ በጊዜ ከተያዘ አብዛኛው ሰው ይድናል፣ ድምፁም ይተርፋል። ከዘገየ ማንቁርት እስከማውጣት ይደርሳል። የእርስዎ ይሄ ላይሆን ይችላል። ብቻ የአንገት በላይ ሐኪም ይይዎት።»

«ጨረሩ ያማል?»

«ወደ መጨረሻው ምራቅ መዋጥም ይከብዳል። ከዚያ ያልፋል።»

ልመና በሚመስል ድምፅ «ካሜራው ፊት ሁለት ቃል ተናገርና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» አለኝ።

«ይሄን የነገርኩዎት ስለማውቀው ነው። ያኛውን ግን አላየሁም።»

ብድግ ብሎ ወጣ። ፖሊሶቹ ገቡ። በዚያ ቀን የገረፉኝ እነሱ ናቸው፤ ራሴን እስክስት አላቆሙም።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ጓደኛዬም ተፈታ፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። እኔ ዛሬም አስተምራለሁ። ለክትትል አዲስ አበባ ስሄድ ሐኪሜ ጉሮሮዬን አይቶ ንጹሕ ነው ይለኛል። ባለፈው ወረፋ ስጠብቅ አንድ የአገሬ ሰው መርማሪው እዚያው በጨረር መታከሙን ነገረኝ። በጊዜ ደርሶ ድኗል፣ ድምፁም ተመልሶለታል። ሥራውንም አልለቀቀም። ስሰማ ደስ አላለኝም፤ አልከፋኝምም። ያን ድምፅ ምን እንደሚያደርግበት ግን አንዳንዴ ቆሜ አስባለሁ።

ሞርሲቶ ወርጄ፣ ተፈትተው ቤታቸው ለገቡት ሽማግሌ የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«ጥሩ አደረግክ አልልህም» አሉ። «እኔ ብሆን አልነግረውም ነበር።» ከዚያ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። «ና ተቀመጥ፣ እንብላ።»