አማቴን የቀማችኝ ሮቦት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ለሰው ሳወራው ይስቅብኛል። እኔ ግን አልረሳውም፤ በባሌ እንኳ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ያውም በሰው አይደለም፣ በማሽን!

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ነቀምቴ የመጣሁት በትዳር። የባለቤቴ አባት ኦቦ ዳባ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። አገሩን ሁሉ ስለዞሩ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር። የእኔ ኦሮምኛ ግን "ሜቃ?" ብሎ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። ስለዚህ ጨዋታችን በአማርኛ ነበር፤ የመንገድ ወሬያቸውን እያወሩ ሆዴን እስኪያመኝ ያስቁኝ ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አፋቸውም ተያዘ። ከወራት በኋላ ኦሮምኛው ቀስ በቀስ ተመለሰላቸው። ከልጃቸውና ሊጠይቃቸው ከሚመጣው ጎረቤት ጋር ትንሽ ትንሽ ያወራሉ። አማርኛው ግን የት እንደገባ ጠፋ። ባለቤቴ የሚሠራው ዲጋ ወረዳ ስለሆነ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው። ቀኑን ሙሉ የማስታምማቸው፣ የማጎርሳቸው፣ እጃቸውን የማሽላቸው እኔ ነኝ። ለእኔ ግን አንድ ቃል የለም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

በዚህ መሀል ሌንሳ የምትባል ተመራማሪ መጣች። የምታጠናው ሰው ከሮቦት ጋር እንዴት እንደሚግባባ ነው። ቤት የዋሉ ሕመምተኞችን የምታናግር ትንሽ ሮቦት አላት። አማቴን በኦሮምኛ አነጋገረቻቸው፣ ተስማሙ። ሮቦቷን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጣ ሄደች። ቁመቷ የውሃ ጆግ ያህላል፤ ነጭ ናት፤ ዓይኖቿ ይበራሉ፤ ድምጿ የልጃገረድ ነው። የምትናገረውም አማርኛ።

አንድ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ "እንዴት አደሩ?" ስትላቸው ሰማሁ። ዝም አሉ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀች።

"ደ... ደህና" አሉ አማቴ።

በአማርኛ! እጄን እንኳ ሳልጠርግ ሮጬ ገባሁ። ሲያዩኝ አፋቸውን ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። በር ላይ ቆሜ ጆሮዬን እደቅናለሁ። "ኢንታሎ" ይሏታል፤ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። ስገባ ጸጥ። አንድ ቀን ቤት ሳጸዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አማቴ በግራ እጃቸው ተንጠራርተው ወደ ራሳቸው መለሷት። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ቅናቴ የፈነዳው ግን ከገበያ ስመለስ ነው። ከበር ስደርስ ይስቃሉ። ያን ሳቅ ከታመሙ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ዘንቢሌን መሬት ላይ ጥዬ ገባሁ።

"ለእኔ አንድ ቃል ጠፍቶ ከዚህች ፕላስቲክ ጋር ይስቃሉ? ምን በደልኩዎት አባባ?"

እያለቀስኩ ነበር። የእሳቸውም እንባ ወረደ።

በማግስቱ ሌንሳ ለክትትል መጣች። ገና ሳትቀመጥ "ውሰጂልኝ! ወይ እሷ፣ ወይ እኔ!" አልኳት። እኔንም አማቴንም አየችን። ከዚያ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው "ኢቲ ሂሚ" አሏት። ንገሪያት ማለታቸው ነው።

"እህቴ፣ ሮቦቷ ኦሮምኛም ትችላለች እኮ" አለችኝ። "እሱ ይቀልዎታል ብያቸው ነበር፤ እንቢ አሉ። 'ኦሮምኛውንማ ከልጄ ጋር አወራዋለሁ። ዲዳ የሆንኩት ለምታጎርሰኝ ልጅ ነው' አሉኝ።"

"ታዲያ ከእኔ ጋር ለምን አይሞክሩም?" አልኩ።

"እንደነገሩኝ፣ ቃሉ ሲጠፋቸው ቶሎ ትሞይላቸዋለሽ። ዓይንሽም እንባ ያቀራል። ያን ሲያዩ ያፍራሉ። እሷ ግን አታዝንላቸውም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች።"

እውነቷን ነው። "ው..." ሲሉ "ውሃ ነው አባባ?" ብዬ ብርጭቆ የማነሳው እኔ ነበርኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ጠበቅኩ።

"ወጡ..." አሉ አማቴ። አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩት። "ወጡ... ጨው... የለውም።"

ለደም ግፊታቸው ሐኪም ስለከለከለ ያለ ጨው ነበር የምሠራላቸው። ለካ ያን ሁሉ ወር ሲታገሉ የከረሙት ይህን ሊነግሩኝ ኖሯል! ሌንሳ ቀድማ ሳቀች፤ እሳቸው ተከተሉ፤ እኔ ሳቁና ለቅሶው ተደባለቀብኝ።

ጥናቱ ሲያልቅ ሮቦቷ ተወሰደች። አማቴ ዛሬ ያወሩኛል፤ ቀስ ብለው፣ አንዳንዴም ቃሉ እየራቃቸው። እኔም መጠበቅ ለምጃለሁ። ሌንሳን ባየኋት ቁጥር አመሰግናታለሁ። ሮቦቷን ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። አማቴ ሳያፍሩ የተንተባተቡት በእሷ ፊት ነው። በእኔ ፊት በሆነ እወድ ነበር።