ቅጠሉ የሸፈነው ውሃ

ኖቬምበር 9 ቀን 2013 ከሰዓት በኋላ፣ የአባቴ የጁቬንሲዮ ቤት ጣሪያ ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ ቀረ።

መንደራችን ሰባት ቤት ነበር፤ በብራዚል አማዞን የፑሩስ ወንዝ ተጠማዞ ራሱን ሊነካ በተቃረበበት ጠባብ የመሬት አንገት ላይ የተሠራ። ወንዙ አንገቱን ከበጠሰው መንደሩም አብሮ ይሄዳል። አባቴ በኦገስት፣ ውሃው ሲጎድል፣ ሙላቱ ሳይደርስ ቤቶቹን ነቅለን ወደ ከፍታው ዳርቻ እንሻገር አለ። እኔ ማናውስ ከተማ በካርታ መዝገብ ቤት ስለምሠራ፣ ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ይዤ መጣሁ። አንገቱ በፎቶው ላይ ሦስት መቶ ሜትር የሚሰፋ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። ገና ብዙ ዓመት ይቆያል ብዬ ለጎረቤቶቹ ነገርኳቸው፤ አመኑኝ።

አባቴ ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሣ ጠየቀኝ። በኤፕሪል፣ ውሃው ሞልቶ ሳለ፣ አልኩት።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ናቸው። ከሰማይ የሚያይ ሰው ቅጠሉን ነው የሚያየው፤ እግሩ አይረጥብም።»

አልተቀበልኩትም። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ እሱ ብቻውን የፈቀደለትን የአንድ ጎረቤት ግድግዳ ይፈታ ጀመር።

በኦክቶበር መጥቼ ደኑን አብሬው አቋረጥኩ። ሙላቱ የደረሰበት ግንድ ሁሉ ከራሴ በላይ የጭቃ መስመር አለው። መስመር የሌለባቸው ዛፎች የቆሙበትን ደረቅ መሬት ብቻ ከዳር እስከ ዳር በገመድ ለካን፤ ሠላሳ ስምንት ሜትር። በየቤቱ እየዞርኩ ተሳስቻለሁ አልኩ።

«የተማረ ሰው ሲሳሳት እየዞረ ይናገራል እንዴ?» አለችኝ ባልቴቷ ዶና ዙልሚራ። «የእኛዎቹ እኮ ዝም ነው የሚሉት።» ከዚያ ድስቷን ማሰር ጀመረች።

ሁለት ወር አባክኜባቸው ነበር። አባቴ ያን ለማካካስ ያለ እረፍት ሠራ፤ ስድስቱ ቤቶች በታንኳና በተጠፈሩ ግንዶች ላይ ተጭነው ተሻገሩ። የራሱን ቤት የመጨረሻ አደረገው። በዚያ የኖቬምበር ከሰዓት፣ ጣሪያውን እያፈረሰ ሳለ፣ ከመሰላሉ ወርዶ ደክሞኛል አለ፤ ተቀመጠ፤ አልተነሣም። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። በጃንዋሪ ወንዙ አንገቱን በጠሰ። ሰው አልጠፋም። በፎቶው ጠርዝ ላይ የጻፍኩትን የእኔን ሦስት መቶ ሰርዤ የእሱን ሠላሳ ስምንት ጻፍኩ።

በሞተበት ቀን ጠዋት ዶና ዙልሚራ ሽንኩርቴ በአሮጌው መንደር ቀረ ብላ ከማዶ መልእክት ልካለት ነበር። ሽንኩርቷን የምትተክለው በእንጨት ካስማ ላይ በተሰቀለ አሮጌ ታንኳ ውስጥ ነው። አባቴ ታንኳውን ከነአፈሩ አውርዶ በራሱ ታንኳ ጎትቶ አሻገረው። ዶሮ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ውሃም አጠጣው።