ሦስት አጋፋሪ በአንድ ቤት

ስለዚያ ሳምንት ሳስብ አስቀድሞ የሚመጣልኝ ድምፅ ነው፤ ከአጥራችን ማዶ ይሠራ የነበረው ፎቅ የሲሚንቶ ማደባለቂያ ከማለዳ እስከ አመሻሽ የሚያሰማው ጉርምርምታ። ገርጂ በእነዚያ ዓመታት እንዲህ ነበረች። በጥቅምት በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ በሰኔ አራተኛ ወለል ላይ ይደርስ ነበር። አራተኛ ይሁን አምስተኛ እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ያልሆንኩበት ሌላ ነገርም አለ፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ።

ጉዳዩ የባለቤቴ ነበር። ልጃችንን ከወለደች ወዲህ ከሥራ ርቃ ቆይታ፣ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ከቤት ሆና ለመተርጎም አመለከተችና ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ እንድትቀርብ ተጠራች። ያን ሥራ ምን ያህል እንደምትፈልገው የማውቀው ስለ እሱ ከማውራት በመቆጠቧ ነው። ሳሎናችን ከማደባለቂያው ፊት ለፊት ስለሆነ እዚያ ሆኖ መነጋገር አይታሰብም። ጸጥታ ያለው በግቢው ጀርባ በሚገኘው የአባቷ ክፍል ብቻ ነበር።

በቤቱ ኢንተርኔት የሚያሠራጩ ሦስት ራውተሮች ነበሩን። አንደኛው ከመስመሩ ጋር የመጣው ሲሆን ሳሎን ተቀምጧል። ሁለተኛውን ከመገናኛ ገዝቼ ኮሪደሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሦስተኛውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰጥቶኝ አባቷ ክፍል አኖርኩት። በገመድ አያያዝኳቸውና ለሦስቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል አወጣሁላቸው። አንድ ቤት በሦስት ስም እንግዳ ፊት መቅረቡ ነውር መስሎኝ ነበር፤ በብልሃቴም እኮራ ነበር።

ማክሰኞ ባለቤቴ ልትሞክረው ስልኳን ይዛ ወደ ጀርባ ሄደች።

«ምልክቱ ሞልቷል ይላል፤ ግን ምንም አይከፍትም» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«ከየትኛው ጋር ተያይዞ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሁሉንም በአንድ ስም ያጠመቅካቸው አንተ።»

መጀመሪያ መስመሩን ወቀስኩ፤ ቀጥዬ የግድግዳውን ብሎኬት። ረቡዕ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ራውተሮቹን በየተራ እየነቀልኩ መሞከር ጀመርኩ። የሳሎኑ ብቻውን ሲቀር ሁሉ ሰላም ነው፤ ምልክቱ ግን ጀርባ አይደርስም። ሌሎቹን ስመልስ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። አባቷ ጋቢያቸውን ደርበው ከክፍላቸው ደጃፍ ተቀምጠው ምልልሴን ይከታተሉ ነበር። ግቢው ከድሮ እርሻቸው የተረፈ ነው፤ ፎቁ የሚሠራበት ቦታ ጤፍ ያጭዱበት ነበር። በእድራቸው ድንኳንም ለብዙ ዓመት አጋፋሪ ሆነው እንግዳ ሲያስቀምጡ ኖረዋል።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልጠፋም አባባ። እነዚህ ዕቃዎች አልስማማ ብለው ነው።»

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ስልክ ሲገባ ቁጥር ይሰጡታል፤ እንደ መቀመጫ ነው። መውጫውንም ያሳዩታል።»

«የትኛው ነው የሚሰጠው?»

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። «ሦስቱም» አልኩ በመጨረሻ።

ሳቁ። «ታዲያ ምን ያስሮጥሃል? በእህቴ ልጅ ሠርግ እኛም አጋፋሪ አቆምን፣ አማቾቻችንም አቆሙ። አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ያስነሣል። ጓዳውን የሚያውቀው ደግሞ የእኛ ሰው ብቻ ነው። የእነሱ አጋፋሪ ያስቀመጣቸው ሽማግሌዎች፣ ቦታቸው አምሮ፣ ወጥ ሳይደርሳቸው ወጡ። እስከ ዛሬ ይቀየሙናል።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሦስቱም ከፋብሪካ የወጡት አለቃ ሆነው ነው፤ ሁሉም ቁጥር ያድላሉ፣ ሁሉም «መውጫው በእኔ በኩል ነው» ይላሉ። መውጫውን የሚያውቀው ግን የሳሎኑ ብቻ ነው። የባለቤቴ ስልክ የጀርባውን ሲያምን ቦታው አምሮለት ጾሙን ይቀራል። ስሙን አልነካሁትም። የሳሎኑን አጋፋሪ አድርጌ፣ ሁለቱን ከማደል ከለከልኳቸውና የየራሳቸውን ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከጓዳ የመጣውን ማቀበል ብቻ ሆነ ሥራቸው።

ንግግሩን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት እንጂ ባለቤቴ አትቀበለውም። እሷ እንደምትለው አባቷ የሠርጉን ታሪክ የተናገሩት ከዚያ በፊት ምሳ ላይ ነው፤ ስለ ራውተር አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ ያገናኘሁት ራሴ ነኝ። ሊሆን ይችላል። ሳቃቸው ግን በጆሮዬ አለ፤ ጋቢው ሲንቀጠቀጥም ይታየኛል።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሷ ጀርባው ክፍል ገባች። እኔ ምንም እንዳልነካ እጄን አጣምሬ ሳሎን ተቀመጥኩ። አባቷ ወንበራቸውን አውጥተው በሩ ላይ ዘብ ቆሙ። በመስኮቱ አያቸው ነበር። ጎረቤታችን መጥታ «ልጅዎ አለች?» ስትል ሰማሁ።

«አለች። ዛሬ ግን ቦታው ሞልቷል» አሏት።

ከገባች አንድ ሰዓት ሊሞላት ጥቂት ሲቀር በሩ ተከፈተ። «አንዴም አልተቋረጠም» አለች ባለቤቴ። የቅጥር ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰ።

ያ ክፍል ከዚያ ወዲህ እስከ ምሳ ድረስ ቢሮ ነው፤ አባቷም የገዛ በራቸውን አንኳኩተው ይገባሉ። ስብሰባ ያላት ቀን ወንበራቸውን ይዘው ይወጣሉ። አንድ ቀን እንዳይደክሙ ብዬ ከውስጥ የሚቆለፍ ቁልፍ ላስገባ ብላቸው፣ «በቁልፍ የተመለሰ እንግዳ ይቀየማል፤ በሰው የተመለሰ ግን ነገ ይመጣል» አሉኝ።

ይህን ማለታቸውን ባለቤቴም ትመሰክራለች።