የዘንገናው ሞተርና የእናቴ አገልግል

ያን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ የንስሐ አባቴም ያውቃሉ። ጾም በገባ ቁጥር ይመክሩኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ በደጄ ያልፍና ቁጣዬ እንደ አዲስ ይነሳል። ሰውየው ባዳ ቢሆን ምናልባት ይቀለኝ ነበር። ግን የጅጋ ሰው ነው፤ የሚካኤል ማኅበርተኛዬ ነው፤ በየወሩ ከአንድ ጽዋ ስንጠጣ የኖርን ነን። ወጣት ሳለ ምጽዋ ወርዶ ሲሠራ ጣልያንኛ ለቅሞ ነበርና፣ ጣልያን አገራችንን ሲይዝ ቡሬ ካለው የጦር ሰፈር በአስተርጓሚነት ተቀጠረ። እኛም በዚህ አልጠላነውም። እዚያ ሰፈር ውስጥ የእኛ የምንለው ሰው መኖሩ አንድ ቀን ይጠቅመናል ብለን ነበር።

ቤታችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት ከተማ ወጣ ብሎ በጅጋ በኩል ነበር። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ወድጄ ሳይሆን ታፍሼ። ድንጋይ ስሸከም ያየኝ አንድ ሽማግሌ ጣልያን መካኒክ ጎትቶ ወደ መዳመጫው መኪና ወሰደኝና የናፍጣ ሞተር አስተማረኝ። ቋንቋ አልነበረንም። ሠርቶ ያሳየኛል፣ ስሠራ ያየኛል፣ ስሳሳት ይቆጣኛል። ጭሱ ከጠቆረ አየር አንሶታል ወይም ናፍጣ በዝቶበታል፤ ከነጣ አልሞቀም ወይም ውሃ ገብቶበታል፤ ወደ ሰማያዊ ካደላ ዘይት እየበላ ነው። ያ ሰው ጠላቴ ነበር፣ ግን አንድም ቀን አላታለለኝም። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም።

ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲቆም ለቀቁኝ። ክረምቱ አልፎ አጨዳ ሲደርስ ታላቅ ወንድሜ ለአርበኞች እህል አቀብለሃል ተብሎ ከአውድማው ተይዞ ቡሬ ታሰረ። እናቴ ስንቅ ይዛ ልትሄድ ስትነሳ አባቴ ከለከሏት፤ የእስረኛ ዘመድ ነኝ ያለውን ሁሉ አብረው ያስገቡታል የሚል ወሬ ነበር። እንዲህ ግራ ገብቶን ተቀምጠን ሳለ ነው ያ አስተርጓሚ በበቅሎ የመጣው።

አዛዡ ለመዝናኛ የሚሆን ነጭ ጀልባ በጭነት መኪና አስመጥቶ ዘንገና ሐይቅ ላይ እንዳስቀመጠ ነገረን። መካኒኩ ታሞ ወደ አገሩ ሄዷል፤ የተተኩት ሠራተኞች አንድ በአንድ ወደ ጫካ ጠፍተዋል። እኔ ሞተር እንደማውቅ ለአዛዡ ነግሮታል። እስከ ፋሲካ ጀልባዋን ሳላስቆም ካሠራሁ ወንድሜ ይለቀቃል። ስንቁን ደግሞ እሱ ራሱ ያደርስልናል፤ እኛ ብቻ ቡሬ እንዳንታይ።

በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፣ ልጅ ሲዳር ዋስ ይጠራል፣ የተጣላ ሲታረቅም ዋስ ይጠራል። አባቴም «ዋስህ» ብለው ጀምረው ነበር። የዚያ ወር ጽዋ እኛ ቤት ነበርና ሰውየው ተነስቶ እጁን በጽዋው መሸፈኛ ላይ አኖረ። አባቴ አፈሩ።

«በጽዋ ወንድምማ ዋስ አይጠራም» አሉ። «ነውር ነው። ሂድ ልጄ፣ ወንድምህን አስፈታ።»

ዘንገና ከቡሬ አልፎ በአገው ምድር ያለ ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያው ደን የለበሰ ገደል ነው፣ ውሃው ጥልቅ ነው፣ ስፋቱ ግን አንድ ጎረምሳ ጧት ተነስቶ ለምሳ ዞሮት የሚመለስ ያህል ነው። አዛዡ በየሰንበቱ እንግዶቹን ጭኖ ይዞርበታል። አገዎቹ ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ይህ ሰው የት ለመድረስ ነው እንዲህ የሚዞረው ብለው ጠየቁኝ። ጀልባዋን አዛዡ ራሱ መምራት ይወዳል፤ እንግዳ ሲበዛ ቦታ ስለማይኖር እኔ ዳር እቀራለሁ።

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። አገሩ ብርድ ነው፣ ሞተሩ ጧት እምቢ ይላል። ዘይት የነካው ጨርቅ አቀጣጥዬ አየር በሚስብበት አፍ ላይ ይዤ፣ በሌላው እጄ ማስነሻውን ብረት እስኪያልበኝ አዞራለሁ። ሁልጊዜ ከመነሳቱ በፊት ከታንኩ ሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቼ የተጠራቀመውን ውሃ አወርዳለሁ። ናፍጣውን በወፍራም ጨርቅ አጥልዬ እንጂ እንዲሁ አልሞላም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ ነውና፣ ውሃ የሚሳብበትን ቀዳዳ የዛፍ ቅጠል እንዳይደፍነው ወደ ውሃው ገብቼ በእጄ እጠርገዋለሁ። በናፍጣው መስመር አየር ከገባ የማስተንፈሻውን ብሎን አላልቼ፣ አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ እስኪንጠባጠብ በእጅ ፓምፑ እገፋለሁ። ለወንድሜ የማደርገው ነገር ይህ ብቻ ስለነበር እንደ ጸሎት ቆጠርኩት። ብሎን ባጠበቅሁ ቁጥር የእሱን ሰንሰለት የምፈታ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ሁለት አገልግል ነበራት። አስተርጓሚው በጭነት መኪና ጅጋ ሲያልፍ በገበያው ቀን ጠብቃ፣ ዳቦ ቆሎም በሶም ያለውን ሞልታ አንዱን ትሰጠዋለች። እሱ ለወንድሜ አድርሶ ባዶውን በሰንበት ለእኔ ያመጣልኛል፤ እኔ ደግሞ ወደ ጅጋ በሚወርዱ የጨው ነጋዴዎች እጅ ለእናቴ እመልሳለሁ። አስተርጓሚው አገልግሉን ሲሰጠኝ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፤ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል።» እኔ በዚያ ቃል ሳምንቱን እቆይ ነበር።

እናቴ ግን አልተዋጠላትም። በእኛ ቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የጎረቤት ሳህን እንኳ ሲመለስ ምንም ከሌለ አንዲት ዘለላ ሣር ጣል ይደረግበታል፤ ወንድሜ ደግሞ ከሁላችንም በላይ በዚህ ነገር ጥብቅ ነበር። በነጋዴው ላከችብኝ፤ ልጄ አገልግሉን ባዶውን መልሶ አያውቅም፣ ምን ሆኖ ነው ብላ። እስር ቤት ሣር ከየት ያመጣል ብዬ መለስኩላት። የሚተኛበት ገለባስ የለም ወይ ብላ መልሳ ላከች።

ወደ ፋሲካ ስንቃረብ ሞተሩ ያልታየ ጠባይ አመጣ። ከዳር ሲነሳ ደህና ነው፤ መሃል ሐይቅ ሲደርስ ኃይሉ እየሟሸሸ ቀጥ ይላል። ማጣሪያውን ፈታሁ፣ ንጹሕ ነው። ፓምፑን ፈታሁ፣ ደህና ነው። ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳሙና አረፋ ቀብቼ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ፈለግሁ፣ የለም። ይባስ ብሎ ናፍጣው አለ ወይ ብዬ የታንኩን ክዳን ከፍቼ ስዘጋ ምንም ሳልጠግነው ይነሳል። እህል አልበላ አለኝ። ፋሲካ ቀርቧል፤ ይህ ሞተር ቢቆም የሚቆመው የጀልባዋ ጉዞ ብቻ አልነበረም።

አንድ ጧት ክዳኑን ስከፍት ጆሮዬን አቅርቤ ነበርና ታንኩ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ «ፍስ» ሲል ሰማሁት። ያኔ ገባኝ። ናፍጣው ሲወርድ በምትኩ አየር የምታስገባ ቀጭን መተንፈሻ ቱቦ አለች፤ ጭቃ የምትሠራ ተርብ ቤቷን እዚያ ውስጥ ሠርታ ደፍናታለች። አየር ካልገባ ናፍጣው ጥቂት ይወርድና ይቆማል፤ ክዳኑ ሲከፈት ይለቀቃል። በሽቦ ጠርጌ አወጣሁት። ደስታዬን ለማንም አልነገርኩም፤ ማን ይሰማኛል? እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ፋሲካ ደረሰ፣ ጀልባዋ እንደ አዲስ ሠራች፣ አዛዡ እንግዶቹን ቀኑን ሙሉ ሲያዞር ዋለ። ሲወርዱ አስተርጓሚውን ወንድሜስ አልኩት። ትንሽ ታገስ፣ አዛዡ እስከ ክረምት ሊያቆይህ ፈልጓል አለኝ። ከፋኝ፣ ግን አመንኩት። ጽዋ ነክቷል።

እናቴ አላመነችም። ለአባቴ ሳትናገር በእግሯ ቡሬ ሄደች። ስንቅ ከሚያቀብሉት ሴቶች ጋር እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ የልጇን ስም ጠራች። አንዷ ወደ ጥግ ወስዳ ነገረቻት። ወንድሜ በተስቦ የሞተው የመጀመሪያው ስንቅ ገና ሳይደርስ ነው። እኛ ቤት እጅ በጽዋው ላይ ሲቀመጥ እሱ ተቀብሮ ነበር። አስከሬኑንም በሩ ላይ ቆሞ ለካህናቱ ያስረከበው አስተርጓሚው ራሱ ነው። ካህናቱ መቃብሩን አሳዩአት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ጎረቤታችን ከሆነው የጨው ነጋዴ ነው፤ እናቴ አደራ ብላ ልካው ዓርብ ዕለት ሐይቁ ድረስ መጣ። ከብቱና አባቴ ሊበን ወዳሉት ዘመዶቻችን ሄደዋል፤ እሷም ትከተላለች፤ እኔም እንድመጣ። አንድ ነገር ግን ቀርቷት ነበር። ከወንድሜ መቃብር አፈር ዘግና አምጥታ፣ አገልግሉን በአፈሩ ሞልታ፣ ክዳኑን እንደ ወትሮው አስራ፣ በገበያው ቀን ጅጋ ላይ ለሰውየው ሰጥታዋለች። ፊቷን እንኳ አላጠቆረችበትም።

ነጋዴው ቃሏን እንዳለ ነገረኝ፦ «ሰው ከሆነ ይናገራል። ምን ብሎ እንደሚመልስልህ ስማና ና።»

ሁለቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩ አላውቅም። ለምን እንዳታለለን ግን ያኔ ተገለጠልኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች ጫካ ገብተውበታል፤ ወንድሙ የታሰረበት ሰው ግን አይጠፋም። የሞተ ወንድሜን ሰንሰለት አድርጎ እኔን አሰረበት። እናቴ ከአፏ ነጥላ የላከችውን ሲበላ ከርሞ፣ የሬሳ ሰላምታ ሲያመጣልኝ ከረመ። ከሁሉ የከነከነኝ ያ ሰላምታ ነው። ስንቁን መብላት ሆድ ነው፤ ሰላምታውን ማን ጨምር አለው?

ሰንበት መጡ። እንግዳው ብዙ ነበር። አስተርጓሚው ከመኪናው ወርዶ አገልግሉን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ፊቱን አየሁት። ክፉ መስዬ ልታይ እችላለሁ፣ ግን እውነቱን ልናገር፤ እንዲናገር ፈልጌ ነበር። ወድቆ ቢያለቅስ ኖሮ አብሬው የማለቅስ ይመስለኛል።

«በልቶ ጨረሰው» አለኝ። «እጇ ይባረክ በልልኝ ብሏል። ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል።»

ዓይኑን ሐይቁ ላይ ተክሎ ነበር። አገልግሉን ተቀበልኩት፤ ቀላል ነው። ክዳኑን አነሳሁት። ተጠርጓል፣ ተወልውሏል፤ በስፌቱ መሃል መሃል ብቻ ቀይ አፈር ቀርቷል።

«ሌላ የምትነግረኝ የለም?» አልኩት።

«ምን ይኖራል ብለህ ነው? ታገስ እንጂ፣ ለደብረ ታቦር በዓል ይፈታልሃል።» ከዚያ ወደ ጀልባዋ ዞሮ «ሞተሩስ?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።

ናፍጣውን ላጣራ ብዬ ቀድሜ ገባሁ። ከዳር ጭቃ ዘግኜ ነበርና ያችን መተንፈሻ ቱቦ ጠቅጥቄ ደፈንኳት። ማስነሻውን አዞርኩ፣ ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሳ፣ ጭሱም ንጹሕ ነበር። አዛዡ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ መሪውን ያዘ፤ አስተርጓሚውም ከእንግዶቹ ጋር ተሳፈረ። እኔ ወርጄ አገልግሉን በነጠላዬ አዝዬ ገደሉን ወጣሁ። አፋፉ ላይ አገዎቹ እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል። መሃል ሐይቅ ላይ የሞተሩ ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ሲጠፋ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ስል አዛዡ ቆሞ ይጮሃል፤ አስተርጓሚው እጁን ወደ ዳር እየዘረጋ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኘው አልጠየቅሁም። የረካሁም እንዳይመስላችሁ፤ አልረካሁም።

ሊበን ስደርስ እናቴ ጥቁር ለብሳ ደጅ ተቀምጣ ነበር። አገልግሉን ከጀርባዬ ፈትታ ወሰደች። ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ፤ ያለውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አላለቀሰችም። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየች፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«አፈሩንስ የት ጣለው?» አለችኝ።

ያንን አልጠየቅሁትም ነበር።