መብራት ሲመጣ የማያቸው እጆች

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ በኤሌክትሪክ ሥራ ፈሪ ሆኖ ያረጀ እንጂ ደፋር ሆኖ ያረጀ ሰው አላየሁም። ኤሌክትሪክ የማይፈራ ሰው አጠገቤ ሲቆም ደስ አይለኝም። አንዱን ግን አገባሁት።

አሰላ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ እኔና ባሌ የብረት ሥራ ቤት አለን። ብረቱ የእሱ ነው፣ ሽቦው የእኔ። እንጀራችን የሚወጣው ከአንድ አሮጌ ሲኤንሲ ፍሬዛ ነው፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት የሚቀርጽ፣ ከቁም ሳጥን የሚበልጥ ማሽን። ለባሌ ማሽኑ ማለት ፊቱ ነው፤ መስታወቱ፣ የሚሽከረከረው መቁረጫ፣ የሚረጨው ዘይት። ለእኔ ግን ማሽኑ ማለት ጀርባው ነው። እዚያ የብረት በር ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን አለ፤ ያንን በር ከመክፈቴ በፊት ሁልጊዜ አማትባለሁ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዞኝ ነበር። ከግድግዳ ጋር አላትሞ ሲለቀኝ ሁለት ጣቶቼ ለብዙ ጊዜ የእኔ አልመስል አሉኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። የእኔ ሥራ ግን ልጥ የለውም፤ በየቀኑ የምከፍተው የእባቡን ጉድጓድ ነው።

ስለዚህ የራሴ ሥርዓት አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ እጄን ከመክተቴ በፊት ዋናውን ብሬከር አጠፋና ማንም መልሶ እንዳያበራው በትልቅ ጓጉንቸር እቆልፈዋለሁ፤ መክፈቻውን አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። ባሌ ለጓጉንቸሩ «ፈሪ ለእናቱ» የሚል ስም አውጥቶለታል። «ዛሬስ ፈሪ ለእናቱ የት ሄደ?» እያለ ያሾፋል። እኔም «ከመሞት መሰንበት» ብዬ እዘጋዋለሁ። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ብሬከሩ ያለው ማሽኑ አጠገብ ሳይሆን ከቤቱ ሌላኛው ጫፍ፣ ከመግቢያው በር ጎን ግድግዳው ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከኦጎልቾ አንድ ሐጂ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ የተሰበረ ፍላንጅ፣ ማለትም የኮምባይነራቸውን ሁለት ዘንግ የሚያያይዝ ክብ ብረት፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ይዘዋል። ስንዴያቸው ደርሶ ኮምባይነሩ መሀል ማሳ ላይ ቆሟል። በዚያ ላይ የጭላሎ ተራራ ያለወቅቱ ደመና ለብሶ ነበር።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። «ዝናቡ ከቀደመን ስንዴው ይተኛል።»

«ይቀመጡ ሐጂ፣ አሁን ይሠራልዎታል» አለ ባሌ። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ባሌ ሄዶ አረንጓዴውን ማስነሻ ተጫነ። ከሳጥኑ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ፣ ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ወዲያው ጠፋ። ደግሞ ተጫነ። ቀጭ፣ ብልጭ፣ ጭልም። ማታ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር ያደረው።

«የአንቺ ተራ ነው» አለኝ።

ፈሪ ለእናቱ የማይረዳኝ እንዲህ ያለ ቀን ነው። ማሽን አልነሳ ሲል ጉድለቱ የሚታየው መብራት እያለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጓጉንቸሩን በር አጠገብ በሰቀልኩት ኮቴ ኪስ ውስጥ ትቼ፣ ብሬከሩን ሳላጠፋ፣ የሳጥኑን በር ከፍቼ መለካት አለብኝ። የቴስተሩን አንድ ሽቦ በመቆንጠጫ አስይዤ፣ ሌላውን በቀኝ እጄ ይዤ፣ ግራ እጄን ከወገቤ ጀርባ ደበቅሁ። ሁለት እጅ ከገባ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ያልፋል። ከመግቢያው ጀመርኩ፤ ሦስቱም ፌዝ፣ ኃይል የሚያመጡት ሽቦዎች፣ ደህና። ፊውዞቹ ደህና። ለስክሪኑና ለመቆጣጠሪያው ኃይል የሚቀንሰው ትራንስፎርመርም ዝም ብዬ ስለካው ደህና ነው። ባሌ አረንጓዴውን ሲጫን ግን ቁጥሩ ተንሸራቶ ይወርዳል። ተቀምጦ ጉራ የሚነዛ፣ ኩንታል ሲያሸክሙት ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ዓይነት ነው። ወደ ኋላ እየሄድኩ ለካሁ። ኃይሉ ከፊውዙ በደህና ይነሳል፣ ትራንስፎርመሩ መግቢያ ላይ ሲደርስ ይደክማል። ጎንበስ ብዬ በባትሪ አየሁት። ሽቦው የሚታሰርበት ብሎን ላልቷል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቡናማ ሆኗል።

«አገኘሁት» አልኩ፣ ቴስተሬንም አወጣሁ። ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

የጎረቤት ወፍጮ ድምፁ እየወፈረ እየወፈረ ሄዶ ቆመ። ቤቱ ጨለም አለ።

በእኛ ከተማ መብራት ሲሄድ ወንዶች ሁሉ ኤሌክትሪሺያን ይሆናሉ። የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጠለው፣ የተቃጠለ ሶኬት የሚቀየረው ያን ጊዜ ነው። «አሁን እኮ የለም» ይላሉ፤ ብሬከር የሚያጠፋ የለም። የሄደ ነገር ሲመለስ ተመለስኩ ብሎ በር የሚያንኳኳ ይመስላቸዋል። ባሌም ካቻቢቴውን አነሳ፤ ያውም እጀታው ተሰብሮ ብረቱ ብቻ የቀረውን።

«ይኸው፣ መብራቱ ራሱ ጠፋልሽ። አንድ ብሎን ማጥበቅ ነው።»

«ቆይ፣ ብሬከሩን ላጥፋ።»

«ሂጂ አጥፊ። እስክትመለሺ ጨርሼ እጠብቅሻለሁ።»

«አትንካው አልኩህ!»

«ሐጂ እየጠበቁ ነው። አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ፣ ወደ ሳጥኑም ጎንበስ አለ።

ተናደድኩ። ቆሜ ከምጨቃጨቅ ሄጄ ባጠፋው ይሻላል ብዬ በተከመረው ብረት መሀል እየተሹለከለክሁ ወደ በሩ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ከታችኛው ሰፈር ጩኸት ተነሳ።

«መጣ! መጣ!»

ይህን ጩኸት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። መብራት ሲመጣ ልጆች ይጮኻሉ፣ አዋቂውም ፈገግ ይላል። ታችኛው ሰፈር መስመሩ ሌላ ስለሆነ ከእኛ ይቀድማል። የእኛ አንዳንዴ ሻይ ተጠጥቶ ሲያልቅ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጩኸቱ ሳያልቅ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ሕይወቴን ሙሉ የፈራሁት ይህን ቀን ነው። ወደ እሱ ልመለስ? ወደ ብሬከሩ ልሩጥ? እግሬ ነው የወሰነው። ወደ ብሬከሩ ሮጥኩ። ቅልጥሜ ከአንድ ብረት ጋር ተጋጨ፣ አልተሰማኝም። ደረስኩ፣ በሁለት እጄ ወደ ታች ሳብኩት፤ ሲወርድ ከራሴ በላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ።

አምፖሎቹ በሌላ መስመር ናቸው፤ ብሬከሩ አይነካቸውም። መብራቱ መጥቷል። ግን እጄ ቀድሞት ይሁን፣ እሱ እጄን ቀድሞት ይሁን፣ አላውቅም ነበር።

ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳደረግሁ ቀረሁ። ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው አይጮኽም፤ ይህን ከራሴ አውቃለሁ። የጎረቤት ወፍጮ እንደገና ተነሳ። ጠዋት ቂጣ ቆርሶ ያጎረሰኝን እጅ አሰብኩ። ጌታ ሆይ፣ አልኩ፤ ከዚያ በላይ ጸሎት አልመጣልኝም። ካልዞርኩ ባሌ አልሞተም፤ እንዲህ እያልኩ ነበር የቆምኩት። ዞሬ ባላየው እዚያ ግድግዳ ላይ ዕድሜ ልኬን በቆምኩ።

ዞርኩ። ባሌ ሳጥኑ ፊት የለም። ከማሽኑ ጎን ሁለት ጫማዎች ብቻ ወለሉ ላይ ተጋድመዋል።

አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሐጂው ከዱካው ላይ ተነሥተው ክንዴን ያዙኝ፤ እሳቸውም ያንኑ ነበር የሚያዩት።

ጫማዎቹ ተንቀሳቀሱ።

«ብሎኑ የት ገባ?» አለ ባሌ ከማሽኑ ሥር። «ወድቆብኝ እኮ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂው፣ ክንዴን ሳይለቁ።

ዘይትና የብረት ፍቅፋቂ ለብሶ ወጣ፤ ብሎኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ይስቃል። ሄጄ ደረቱን በቡጢ መታሁት። የበለጠ ሳቀ። ከዚያ የበራውን አምፖል አየ። ቀጥሎ የወረደውን ብሬከር አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አሁን ነው የመጣው?»

«አሁን ነው።»

ወደ እጆቹ ተመለከተ፤ ገለባበጣቸው። እግዜር ይስጠው፣ ያን ጊዜ አልቀለደም። ሄዶ ጓጉንቸሩን ከኮቴ ኪስ አወጣና ብሬከሩን ራሱ ቆለፈው። መክፈቻውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ብሎኑንም ካቻቢቴውንም ለእኔ ሰጠኝ።

የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጬ፣ አዲስ ልጬ፣ አጥብቄ አሰርኩት። ጓጉንቸሩን ፈትቼ አበራሁ። አረንጓዴውን ስጫን «ቀጭ» አለ፣ ስክሪኑም በርቶ ቆየ። ከሰዓት በኋላ ሐጂው አዲሱን ፍላንጃቸውን በዚያው ጆንያ ጠቅልለው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ባሌን ዞር ብለው አዩትና «እሷን ስማ» አሉት። ስንዴያቸው ዝናብ ሳይነካው እንደገባ በኋላ ሰማን።

ከዚያ ወዲህ «መጣ!» የሚለው ጩኸት ሲነሳ ሰፈሩ ይደሰታል፣ የእኔ ወገብ ይቀዘቅዛል። ገበያም ብሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ብሆን፣ ዓይኔ እጆቹን ይፈልጋል። ይህን ለባሌ ነግሬው አላውቅም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ለጓጉንቸሩ ያወጣው ስም ይበቃኛል።

በቅርቡ እራት ስንበላ መብራት ሄደ። ሻማ ለመፈለግ አልተነሣንም፤ በጨለማው እየዳበስን በላን። ትንሽ ቆይቶ ከታች ልጆቹ ጮኹ። «መጣ! መጣ!» እንጀራው እጄ ላይ ቀረ።

ከዚያ የእኛም በራ። ባሌ ከትሪው ማዶ ተቀምጧል። ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷቸዋል፤ የቀኙ ሽሮ ነክቶታል። አልሳቀም። በደንብ እስካያቸው ድረስም አላወረዳቸውም።